አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም፦ በሺንሺቾና አካባቢው ሥራው ከአትክልት ማሳ ቢጀመር

በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በተለያየ ደረጃ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ተገልጿል። ቁጥሩ አገራዊ በመሆኑ ከአንድ አርሶ አደር ማሳ የራቀ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በቃጫ ቢራ ወረዳ፣ በሺንሺቾ ከተማ ዙሪያ ጥቅል ጎመን ወይም ቀይ ሥር ተክሎ፣ ውሃውና ማዳበሪያው ሳይጓደል ችግኙ ቀጭጮ የቀረበት ሰው የዚህን ቁጥር ትርጉም በገዛ ማሳው ላይ ያየዋል። ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለጉልበት የወጣው ወጪ የሚባክነው ብዙ ጊዜ ተክሉ ከመሬት ገና ቀና ሳይል ነው።

የችግሩ መፍትሔ ከታወቀ ቆይቷል። የተፈጨ የእርሻ ኖራ በተገቢው መጠንና ጊዜ ከአፈር ጋር ሲዋሐድ አሲዳማነቱ ይቀንሳል፤ ሰብሉም የሚሰጠውን ማዳበሪያ መጠቀም ይጀምራል። መፍትሔው እየታወቀ ከብዙ ማሳዎች ያልደረሰበት ምክንያት ግን ራሱን የቻለ ምርመራ የሚሻ ነው። ይህ ጽሑፍ አሲዳማነት አትክልትን በመጀመሪያ ዕድገቱ ላይ የሚጎዳበትን መንገድ፣ ኖራ በሚፈለገው ልክ ያልተስፋፋበትን ምክንያትና አነስተኛ ማሳ ያለው ቤተሰብ ሥራውን ከየት ቢጀምር እንደሚሻለው ያብራራል።

አሲዳማነት ችግኝን የሚጎዳው እንዴት ነው?

የአፈር አሲዳማነት የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ 7 ገለልተኛ ሲሆን ከዚያ በታች ያለው አሲዳማ ነው። ቁጥሩ በአንድ ሲወርድ አሲዳማነቱ በአሥር እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው አፈር አሥር እጥፍ፣ ፒኤቹ 4.5 የሆነው ደግሞ 6.5 ከሆነው መቶ እጥፍ አሲዳማ ነው። በወረቀት ላይ ትንሽ የሚመስል የቁጥር ልዩነት በማሳ ላይ ትልቅ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈር ማዕድናት ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም በአፈሩ እርጥበት ውስጥ መሟሟት ይጀምራል። የሟሟው አሉሚኒየም በቅድሚያ የሚያጠቃው የሥሩን ጫፍ ነው። ሥሩ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ውሃና ምግብ የሚሰበስቡለትን ቀጫጭን ሥሮች ማውጣቱን ይቀንሳል። በዚሁ ጊዜ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረስን አጥብቀው ስለሚይዙት፣ ለወጣት ሥር ዕድገት እጅግ አስፈላጊ የሆነው ይህ ንጥረ ነገር በአፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ ሳያገኘው ይቀራል። ካልሲየምና ማግኒዥየም በዝናብ ታጥበው ይሄዳሉ፤ ሞሊብዲነም የተባለው ንጥረ ነገርም ለተክሉ የሚደርስበት መጠን ያንሳል። በባቄላ፣ በአተርና በቦሎቄ ሥር ላይ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁት ጠቃሚ ተሕዋስያንም በአሲዳማ አፈር ይዳከማሉ።

ጉዳቱ በአትክልት ላይ የሚበረታበት የራሱ ምክንያት አለው። እንሰት በመሬት ላይ ዓመታትን ይቆያል፤ አንድ ወር ቢዳከም በሚቀጥሉት ወራት ሊያገግም ይችላል። ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ ወይም ቀይ ሥር ግን ዕድሜው በጥቂት ወራት የሚቆጠር በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታጣ ዕድገት ከዚያ በኋላ አይመለስም። ካሮትና ቀይ ሥርን በመሰሉ ሰብሎች ደግሞ ለገበያ የሚቀርበው ሥሩ ራሱ ስለሆነ የሥሩ መጎዳት በቀጥታ የምርቱ መጎዳት ነው።

ሰብሎች አሲዳማነትን የሚቋቋሙበት ልክ የተለያየ ነው። ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ሽንኩርትና ሰላጣ ፒኤቹ ወደ 6 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ አፈር ይስማማቸዋል። ቲማቲምና ካሮት ጥቂት ዝቅ ያለውን ይታገሣሉ። ድንች ከአትክልቶቹ መካከል አሲዳማነትን በመቋቋም የተሻለ ነው፤ ከ5 እስከ 6 ባለው ፒኤች ደኅና ምርት ይሰጣል። ስለሆነም በአንድ ማሳ ድንች ሲያምር በዚያው ማሳ ቀይ ሥር መቀጨጩ የዘር ጥራት ጉድለት ላይሆን ይችላል።

በዓይን የሚታዩ ምልክቶችም አሉ። ችግኙ ከተዛወረ በኋላ ለሳምንታት ባለበት መቆም፣ የቅጠሉ ጀርባ ወደ ሐምራዊነት ማድላት፣ ተክሉ ሲነቀል ሥሩ አጭርና ቡናማ ሆኖ መገኘት፣ በአንድ ማሳ ውስጥ ዕድገቱ እዚህም እዚያም መለያየት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ነገር ግን ውሃ የተኛበት መሬትና ሌላ የንጥረ ነገር እጥረትም ተመሳሳይ መልክ ስለሚያሳዩ ምልክቱ ለጥርጣሬ እንጂ ለውሳኔ አይበቃም። ውሳኔ የሚሰጠው በአፈር ምርመራ ነው።

የሺንሺቾ አካባቢ ለምን ተጋላጭ ሆነ?

ሺንሺቾ በከምባታ ዞን የቃጫ ቢራ ወረዳ ማዕከል ናት። ዞኑ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። ከሆሳዕና ጀምሮ በሐዲያና በከምባታ ደጋና ወይና ደጋ የሚዘረጋው ቀይ አፈር በአገሪቱ የአፈር አሲዳማነት ጉዳይ ሲነሣ ከምዕራብ ወለጋ፣ ከአዊ፣ ከሶዶና ከጨንቻ አካባቢዎች ጋር አብሮ የሚጠቀስ ነው።

ምክንያቱ በከፊል ተፈጥሯዊ ነው። በበልግም በክረምትም የሚዘንበው ዝናብ አሲዳማነትን የሚገቱትን ካልሲየምና ማግኒዥየም ከላይኛው አፈር እያጠበ ወደ ታች ያወርዳል። በተዳፋት መሬት ላይ ደግሞ ለም የሆነው የላይኛው አፈር ራሱ በጎርፍ ይሄዳል። ሌላው ምክንያት የአጠቃቀም ነው። አካባቢው በአገሪቱ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ መሬት ማሳረፍ ቀርቷል። ገለባውና አገዳው ለከብት መኖና ለማገዶ ስለሚነሣ ከማሳ የወጣው ንጥረ ነገር ወደ ማሳ አይመለስም።

በእንሰት አካባቢ የሚታይ አንድ ልዩ ገጽታ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። በቤቱ ዙሪያ ያለው የእንሰትና የጎመን መሬት ለብዙ ዓመታት ፍግ፣ የምድጃ አመድና የቤት ጥራጊ ሲያገኝ ኖሯል። ከቤት ራቅ ያለው ማሳ ግን የሚያገኘው በገንዘብ የተገዛውን ማዳበሪያ ብቻ ነው። በመሆኑም በአንድ ቤተሰብ ይዞታ ውስጥ፣ በጥቂት አሥር ሜትሮች ርቀት፣ አሲዳማነቱ በእጅጉ የተለያየ አፈር ይገኛል። ይህ የሚያሳየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አካባቢው አሲዳማነትን የሚገታ የራሱ ልማድ ነበረው፤ ይህንንም በአብዛኛው ሲሠሩት የኖሩት የጓሮውን መሬት የሚንከባከቡት እናቶች ናቸው። ሁለተኛ፣ ለአንድ ቀበሌ በሙሉ የሚሰጥ አንድ ወጥ የኖራ መጠን ለአንዱ ማሳ ሲበዛ ለሌላው ሊያንስ ይችላል።

ማዳበሪያው በጨመረ ቁጥር ኖራው ለምን አስፈለገ?

ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያ የምትገዛው ከውጭ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚገባ ማንኛውም ግብዓት በብር ሲተመን ከቀድሞው የበለጠ ውድ ሆኗል። መንግሥት የማዳበሪያውን ዋጋ በከፊል ቢደጉምም፣ በአሲዳማ ማሳ ላይ የተበተነ ፎስፈረስ በአሉሚኒየምና በብረት ተይዞ ሲቀር ወጪው አይቀርም፤ ከፊሉን አርሶ አደሩ፣ ከፊሉን የሕዝብ ካዝና ይሸከመዋል። በአንጻሩ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ በአገር ውስጥ ያለ ሀብት ነው። በጉደር፣ በደጀንና በቡታጅራ የኖራ መፍጫዎች የተተከሉትም ይህንን ሀብት ለመጠቀም ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ማዳበሪያው ራሱ ለአሲዳማነቱ አንድ ምክንያት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ዩሪያ በአፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይፈጥራል። በተለምዶ በሚሠራበት ስሌት ከዩሪያ የሚገኝ አንድ ኪሎ ግራም ናይትሮጅን የሚፈጥረውን አሲድ ለማርከስ 1.8 ኪሎ ግራም ያህል ንጹሕ ኖራ ያስፈልጋል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ስላለው የአንዱን ኩንታል ውጤት ለመመለስ ወደ 83 ኪሎ ግራም ኖራ ይጠይቃል ማለት ነው። ለዓመታት ዩሪያ እየተጨመረ ኖራ ያልተሰጠው ማሳ ዕዳው ሲጠራቀም ቆይቷል።

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር አቅርቦቱን ሊያሻሽል ይችላል። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥ የተመረተ ዩሪያም በአፈር ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከውጭ ከመጣው አይለይም። ስለሆነም የማዳበሪያ አቅርቦት በሰፋ መጠን የኖራ አቅርቦት እኩል መስፋት አለበት።

ይህ ማለት ግን ኖራ ማዳበሪያን ይተካል ማለት አይደለም። ኖራ ካልሲየም ከመስጠቱ በቀር ናይትሮጅንም ፎስፈረስም የለውም። ሥራው የተያዘውን ማስለቀቅና ሥሩን ከአሉሚኒየም ጉዳት መጠበቅ ነው። የተሻለ ውጤት የሚገኘው ኖራው፣ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት እና መጠነኛ ማዳበሪያ ሲቀናጁ ነው።

ኖራው በሚፈለገው ልክ ያልተዳረሰው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ክብደት ነው። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ማዳበሪያ በጥቂት ኩንታል ሲቆጠር የኖራው መጠን ግን በአሥር ኩንታሎች ይቆጠራል። ለአንድ ሄክታር 27 ኩንታል ቢያስፈልግ 50 ኩንታል የሚጭን መኪና ለሁለት ሄክታር እንኳ አይበቃም። ኖራው ከመፍጫው በር ሲወጣ ርካሽ ቢሆንም፣ ከቡታጅራ ወይም ከጉደር ተጭኖ እስከ ቃጫ ቢራ ቀበሌዎች ሲደርስ ከድንጋዩ ይልቅ የመኪናው ዋጋ ይከብዳል። በመጨረሻም ከመኪና መንገድ እስከ ማሳው ያለውን ርቀት የሚሸፍነው አህያና የሰው ትከሻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ኖራ አፈሩን ለመለወጥ እርጥበትና ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ ከተከላ ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቀድሞ መዋሐድ አለበት። የግብዓት ሥርጭቱ ግን በማዳበሪያ የጊዜ ሰሌዳ የሚመራ ከሆነ ኖራው የሚደርሰው በተከላ ሰሞን ይሆናል። በዚያ ጊዜ የደረሰ ኖራ በዚያ ወቅት ሰብል ላይ የሚያሳየው ለውጥ አነስተኛ በመሆኑ አርሶ አደሩ «ሞክረን አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። አንድ ጊዜ የጠፋ እምነት ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

ሦስተኛው ምክንያት የመሬት አያያዝ ነው። የኖራ ጥቅም በአንድ ወቅት አያልቅም፤ በአግባቡ የተሰጠ ኖራ ለበርካታ ዓመታት ያገለግላል። ለባለይዞታው ይህ በጎ ነገር ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ወቅት መሬት የተከራየ ወይም በእኩል የሚያርስ ሰው ግን ወጪውን ዛሬ ከፍሎ ጥቅሙን ለሌላ የሚተው ይሆናል። በመሆኑም በኪራይ ወይም በእኩል ውል ላይ የኖራውን ወጪ ማን በምን ድርሻ እንደሚሸፍን አስቀድሞ በጽሑፍ መግለጽ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

አራተኛው ምክንያት ምርመራ ነው። መጠኑ ሳይታወቅ የሚሰጥ ኖራ ወይ አያድንም፣ ወይ ያባክናል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ፕሮጀክት የአገሪቱን አፈር ለምነት በካርታ በማሳየት ትልቅ ርምጃ አስገኝቷል። ካርታ የሚያመለክተው ግን አካባቢን ነው፤ የእያንዳንዱን ጓሮና ማሳ ልዩነት የሚነግረው ከዚያው የተወሰደ የአፈር ናሙና ነው።

ከአትክልት ማሳ መጀመር የሚመረጥበት ምክንያት

እስከ አሁን የኖራ ሥራ በአብዛኛው ያተኮረው በስንዴ፣ በገብስና በበቆሎ ላይ ነው። ይህ ለአገራዊ የእህል አቅርቦት ተገቢ ነው። ነገር ግን ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ይዞታ ላለው ቤተሰብ ሙሉ ማሳውን በአንድ ጊዜ ማከም ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል። የአትክልት መሬት ግን ትንሽ ነው፤ ስሌቱም ይለወጣል።

በአገራችን በስፋት የሚሠራበት የኖራ መጠን አወሳሰን በአፈሩ ውስጥ ባለው ተለዋዋጭ አሲድ ላይ ይመሠረታል። ለምሳሌ ያህል በምርመራ የተገኘው ተለዋዋጭ አሲድ በኪሎ ግራም 2 ሴንቲሞል ቢሆን፣ የአፈሩ እፍግታ 1.2 ቢሆንና ኖራው የሚዋሐደው እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢሆን፣ በአንድ ሄክታር የሚታከመው አፈር 1,800 ቶን ይሆናል። በውስጡ ያለውን አሲድ ለማርከስ 1,800 ኪሎ ግራም ንጹሕ ኖራ ያስፈልጋል። በማሳ ላይ መዋሐዱ ሙሉ ስለማይሆን በ1.5 ሲባዛ 2,700 ኪሎ ግራም ወይም 27 ኩንታል ይሆናል።

ይኸው መጠን ለ100 ካሬ ሜትር የጓሮ አትክልት ሲሰላ 27 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። አንድ ሜትር በአሥር ሜትር ለሆነ የችግኝ መደብ ደግሞ 2.7 ኪሎ ግራም ይበቃል። በሌላ አነጋገር አንድ ኩንታል ኖራ ከ350 ካሬ ሜትር በላይ የአትክልት መሬት ያክማል። ይህን አንድ አህያ በሁለት ምልልስ ከመንገድ ዳር እስከ ጓሮ ማድረስ ትችላለች። ለአንድ ሄክታር የማይቻል የነበረው ለአንድ ጓሮ ቀላል ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ገቢው ነው። አትክልት በጥቂት ወራት ወደ ገበያ ስለሚወጣ የተገኘው ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት ሌላውን ማሳ ለማከም ሊውል ይችላል። ሦስተኛው ጥቅም ማስረጃው ነው። ግማሹ መደብ ኖራ አግኝቶ ግማሹ ሳያገኝ ጎን ለጎን ቢተከል ልዩነቱን ባለቤቱም ጎረቤቱም በዓይናቸው ያዩታል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የችግኝ መደቡን ብቻ አክሞ ችግኙን ወዳልታከመ ማሳ ማዛወር ጥቅሙ ውስን ነው፤ ሥሩ ከመደቡ አፈር እንደወጣ ያው አሉሚኒየም ይጠብቀዋል። ኖራው ለሙሉው ማሳ የማይበቃ ከሆነ አነስተኛ መጠን በመትከያው መስመር ላይ ብቻ ማዋሐድ ይቻላል። ይህ ዘዴ ወጪን ይቀንሳል፤ ሆኖም የሚታከመው መስመሩ ብቻ በመሆኑ በየዓመቱ መደገም ይኖርበታል።

ሥራው በቅደም ተከተል

1. ናሙና መውሰድ። የጓሮውን፣ የሩቁን ማሳና የተዳፋቱን መሬት ለየብቻ መያዝ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስዶ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ መደባለቅና ከድብልቁ አንድ ኪሎ ግራም ያህል መለየት ይገባል። አመድ ከተደፋበት፣ ፍግ ከተከመረበት፣ ከዛፍ ሥርና ከማሳ ዳር መውሰድ ውጤቱን ያዛባል።

2. ናሙናውን ማስመርመር። ናሙናው የባለቤቱ ስም፣ የቀበሌው ስም፣ የማሳው መለያና የሚተከለው ሰብል ተጽፎበት ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይሰጣል። ሲሰጥ ፒኤች ብቻ ሳይሆን ተለዋዋጭ አሲድም እንዲመረመር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የኖራው መጠን የሚሰላው በእርሱ ነውና።

3. የኖራውን ጥራት ማረጋገጥ። ሁለት ነገሮች ይጠየቃሉ፤ ንጽሕናውና ልመቱ። ምርመራው 27 ኩንታል ንጹሕ ኖራ ቢያዝና የቀረበው ኖራ አሲድ የማርከስ አቅሙ 80 በመቶ ቢሆን የሚያስፈልገው ወደ 34 ኩንታል ከፍ ይላል። እንደ ዱቄት የላመ ኖራ ቶሎ ይሠራል፤ እንደ አሸዋ የሻከረው ግን ለዓመታት ሳይሟሟ ይቆያል።

4. በወቅቱ መበተን። ለበልግ ተከላ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማሳው እርጥበት ሲያገኝ፣ ለክረምት ተከላ የበልግ ዝናብን ተጠቅሞ በሚያዝያ፣ በመስኖ ለሚለማ ማሳ ደግሞ ከተከላው ከአንድ እስከ ሁለት ወር ቀድሞ መስጠት ይመከራል። ነፋስ በሌለበት ሰዓት እኩል በትኖ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በማረስ ወይም በመቆፈር ማዋሐድ ያስፈልጋል። ላይ ላዩን የተተወ ኖራ ወደ ሥሩ ቀጠና ለመውረድ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

5. ከዩሪያና ከፍግ ጋር በአንድ ቀን አለመበተን። ኖራና ዩሪያ ወይም ትኩስ ፍግ ሲገናኙ ናይትሮጅኑ በአሞንያ መልክ ወደ አየር ያመልጣል። በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት መኖሩ ይመረጣል።

6. የሰብሉን ቅደም ተከተል ማሰብ። ከኖራ በኋላ በቅድሚያ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር ወይም ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ባቄላ ወይም ቦሎቄ ቢከተል የተሻለ ነው። ድንች አዲስ ኖራ ባገኘ ማሳ ላይ ቆዳው በሚያሻክር በሽታ ሊጠቃ ስለሚችል ተራው ቢዘገይ ይመረጣል። በአንጻሩ የጎመን ዘሮችን ሥር የሚያሳብጠው በሽታ በአሲዳማ አፈር ስለሚበረታ ኖራ ይህን በሽታ ለመቀነስም ይረዳል።

ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ኖራ ሲበዛም ይጎዳል። ፒኤች ከሚገባው በላይ ከፍ ሲል ዚንክ፣ ቦሮንና ማንጋኒዝ ለተክሉ መድረሳቸው ይቀንሳል። በመሆኑም ግቡ አፈሩን ገለልተኛ ማድረግ ሳይሆን ሰብሉ ወደሚስማማው ልክ ማድረስ ነው። ለአብዛኛው አትክልት ወደ 6 ማድረስ በቂ ነው።

ለግንባታ የሚውለው የተቃጠለ ኖራና የተፈጨው የእርሻ ኖራ አንድ አይደሉም። የተቃጠለው ኖራ ኃይለኛ ነው፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ወጣት ችግኝም ይጎዳል። ከእርሻ ኖራ ይልቅ እጅግ ባነሰ መጠን የሚሠራ በመሆኑ ያለ ባለሙያ ምክር መጠቀም አይገባም። የእርሻ ኖራም ቢሆን አቧራው የመተንፈሻ አካልን ስለሚያውክ በሚበተንበት ጊዜ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን፣ ልጆችን ማራቅና ከሥራው በኋላ መታጠብ ያስፈልጋል።

የእንጨት አመድ አሲዳማነትን ይቀንሳል፤ ፖታሲየምም ይሰጣል። አሲድ የማርከስ አቅሙ ግን ከኖራ ያነሰና እንደ እንጨቱ ዓይነት የሚለያይ ነው። በጓሮ መሬት ላይ የቆየው ልማድ ሊጠበቅ የሚገባው ሲሆን ለሰፊ ማሳ ግን ከአንድ ምድጃ የሚወጣ አመድ አይዳረስም። ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ እንጨት የተቃጠለበት አመድ ለአትክልት መሬት መዋል የለበትም።

ከሌሎች አገሮች ልምድና ከእኛ የሚጠበቀው

በብራዚል ሴራዶ ተብሎ የሚጠራው ሰፊ ሜዳ በአሲዳማነቱ ምክንያት ለእርሻ የማይመች ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ከ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ኖራና ፎስፈረስን ከተስማሚ ዝርያዎች ጋር በማቀናጀት የዓለም ትልቅ የእህል አምራች አካባቢ ሆኗል። ለዚህ ሥራ አስተዋጽኦ ያደረጉት ኤድሰን ሎባቶ፣ አሊሰን ፓውሊኔሊና ኮሊን ማክላንግ በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማትን ተጋርተዋል። የብራዚል ማሳዎች ሰፋፊ በመሆናቸው ኖራው በትላልቅ መኪናዎች በቀጥታ እስከ ማሳ ይደርሳል። የከምባታና የሐዲያ ማሳ ትንንሽና ተዳፋት ነው። ስለዚህ ከዚያ ልምድ የሚወሰደው ማሽኑ ሳይሆን ምርምር፣ አቅርቦትና ብድር በአንድ ዕቅድ መመራታቸው ነው።

በአፍሪካ ደረጃም ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በተጠናቀቀው የናይሮቢ የማዳበሪያና የአፈር ጤና ጉባኤ አገሮች ትኩረታቸውን ከማዳበሪያ መጠን ወደ አፈር ጤና ለማስፋት ተስማምተዋል። ስምምነቱ በቀበሌ ደረጃ የሚለካው ግን ኖራው በስንት ሄክታር ታቀደ በሚለው ሳይሆን ከተከላ በፊት ደረሰ ወይስ አልደረሰም በሚለው ነው።

ከዚህ አንጻር አገልግሎት ፈላጊው ዜጋ በወቅቱ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የኖራ ፍላጎት ምዝገባ በቀበሌው የሚከናወነው መቼ ነው? ኖራው በየትኛው ወር ይደርሳል? ዋጋው መጓጓዣን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል በጋራ ማስጫን ይቻላል? ለአትክልት የሚሆን ከአንድ ኩንታል ያነሰ መጠን ይሸጣል? እነዚህን ጥያቄዎች በግል ከማቅረብ ይልቅ ጎረቤታሞች ተሰባስበው ለቀበሌው የልማት ጣቢያና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢያቀርቡ ለማጓጓዝም ለዕቅድም ይመቻል። በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ሃያ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው ለጓሯቸው ሁለት ኩንታል ቢያስመዘግቡ የአንድ መኪና ጭነት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

ከጽሕፈት ቤቶቹ የሚጠበቀውም ግልጽ ነው። ኖራን ከማዳበሪያው የጊዜ ሰሌዳ ለይቶ ቀደም ብሎ ማቅረብ፣ የምርመራ ውጤትን ለባለቤቱ በሚገባው ቋንቋና በሚመዝነው መስፈሪያ መግለጽ፣ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት የታከመና ያልታከመ መደብ ጎን ለጎን ማሳየት ከሁሉ ይቀድማሉ። «27 ኩንታል በሄክታር» የሚለው ምክር ለባለሙያ በቂ ነው። ለአትክልተኛዋ ግን «ለዚህ መደብ ይህን ያህል ጣሳ» ተብሎ መነገር አለበት።

በመጪው በልግ አትክልት ለመትከል ያሰበ ቤተሰብ የአፈር ናሙናውን የሚወስድበት ጊዜ የመኸሩ ምርት ከተነሣ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ናሙናው በኅዳር ከተሰጠ፣ ኖራው በጥር ከአፈሩ ጋር ከተዋሐደ፣ በመጋቢት የሚዛወረው ችግኝ የመጀመሪያ ሥሩን የሚሰደው በታከመ አፈር ውስጥ ይሆናል።